የማያልፍ ጉርሻ

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጋዜጣ ይዘህ ለእሑድ ምሳ ተቀምጠህ እንደ ሆነ አንድ ነገር ልለምንህ። አሁን የጎረስኸው እንጀራ ከአፍህ አልፎ ወደ ሆድህ ሲወርድ እስቲ ተከታተለው። ብዙ ርቀት አትከተለውም። ሰው የሚያኝከውን ያውቀዋል፤ ከዋጠው በኋላ ግን ጉዳዩን ለውስጥ ሠራተኞች አስረክቦ ሁለተኛውን ጉርሻ ይጠቀልላል። እነዚያ የውስጥ ሠራተኞች አንድ ቀን በራቸውን ዘግተው የቀሩ እንደ ሆነ ምን እንደሚመጣ እኔ መጀመሪያ ያየሁት በመጽሐፍ አይደለም፤ በውቤ በረሃ ጠላ እየሸጡ በኖሩ በአንዲት ጎረቤታችን ቤት ነው።

ስማቸውን አልጽፍም። እትዬ እያልሁ እቀጥላለሁ፤ እኛም የሰፈሩ ልጆች ሌላ ስም ጠርተንላቸው አናውቅም። አስቀድሜም ልናዘዝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁት በታሪክ ትምህርት ነው፤ የምረቃውን ካባ ከመለስሁም ገና ሁለት ዓመቴ ነው። የምጽፈው ያየሁትን፣ ካየሁም በኋላ እንቅልፍ ስለ ነሣኝ ያነበብሁትንና ሐኪሞችን ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። ፍርዱ ግን የራሴ ነው።

ውቤ በረሃ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አትናፍሰገድ ነው። ሰፈሩ በሌሊት ሙዚቃውና በመጠጥ ቤቶቹ ስሙ አገር ያዳረሰ ስለ ሆነ፣ ተወልጄ ያደግሁበት እዚያ ነው ስል ሰው ፈገግ ይላል። ቀን ቀን ግን ውቤ በረሃ እንደ ማናቸውም የአራዳ ሰፈር ዕድርና ማኅበር ያለበት፣ የአንዱ ወጥ ሽታ በሌላው መስኮት የሚገባበት ሰፈር ነበረ። የእትዬ ቤት የታወቀው በጠላው ብቻ አልነበረም፤ በጉርሻቸውም ነበረ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በደጃቸው ያለፍን እንደ ሆነ አፋችንን ከፍተን እንደ ወፍ ጫጩት እንቆም ነበር። እኔ በበኩሌ ሥነ ፍጥረት ስማር ልቤ ከሰሌዳው ይልቅ ወደዚያ ደጅ ያዘነብል እንደ ነበር አልክድም።

የእርሳቸው ነገር የጀመረውም በጉርሻ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ በአንድ ሠርግ ላይ አንዲት ወዳጃቸው ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልላ ብታጎርሳቸው ጉርሻው ደረታቸው ላይ ደርሶ ቆመ። ትን አላላቸውም፤ አላሳላቸውም፤ ብቻ አልወርድ አለ። ውሃ ቢጨምሩበት ውሃውም በላዩ ቆመ። ቀስ ብለው ወደ ጓሮ ወጥተው ሁሉንም መለሱት፤ ተመልሰውም እንደ ደኅና ሰው እልል አሉ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አንድ ቀን እየመጣ ሦስት ቀን እየቀረ፣ በኋላ ደግሞ በየማዕዱ እየመጣ ኖረ።

ሰፈሩ ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀበትም። የመጀመሪያው ፍርድ ጨጓራ ነው የሚል ነበረ። በአዲስ አበባ ከደረት በታች የሚሰማ ነገር ሁሉ ጨጓራ ይባላል፤ ሲያቃጥልም ጨጓራ፣ ሲነፋም ጨጓራ፣ ሰው ሲቆጣም ጨጓራው ነው ይባላል። ስለዚህ እትዬ ተልባ ጠጡ። ቀጥሎ አንድ ዘመድ ከገጠር መጥቶ እንጥል ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ አለ። እንጥል በአፍ ጀርባ ተንጠልጥሎ የሚታይ ቁራጭ ሥጋ ነው፤ ምግቡ የቆመው ከእርሱ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ሳለ እርሱን መቁረጥ ደጁ ሲቈለፍ የጣራውን ክዳን እንደ ማንሣት ነው። ደግሞም እንጥል ቆራጭ ስንቱን ሕፃን በደም መፍሰስና በመመረዝ እንደ ጎዳ የሚታወቅ ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እትዬ ለዚህኛው እንቢ አሉ። ሦስተኛው ፍርድ ከሁሉ የከፋ ነበረ። በማኅበር ላይ ጉርሻ ሲቀርብላቸው እጃቸውን ዘርግተው ስለሚመልሱ፣ ተጠየፈችን አሉ። አርባ ዓመት ሰው ሲያጎርስ የኖረ እጅ!

በዚህ ምክንያት ከማኅበሩ ቀሩ። ከዚያ ከሠርግ ቀሩ። ለቅሶ ቤትም ሄደው ንፍሮው ሲዞር ተነሥተው ይወጡ ጀመር። የሚበሉት ብቻቸውን፣ ደጁን ዘግተው፣ ቆመው፣ ደረታቸውን ወደ ኋላ ለጥጠው፣ በአንድ ጉርሻ ሁለት ብርጭቆ ውሃ እያስከተሉ ነበር። ሌሊት ሲተኙ የቀኑ ምግብ ወደ አፋቸው እየተመለሰ ስለሚያስላቸው በሦስት ትራስ ተደግፈው ያድሩ ነበር። ሰላም የሚያገኙት በሁዳዴ ነበረ። በጾሙ ወራት ሁሉም ማዕዱን ስለሚቀንስ የእርሳቸውን መቀነስ የሚያይ አልነበረም። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ያየሁት ቀሚሳቸው እየሰፋ መሄዱን ብቻ ነው፤ እንደ ጎረምሳም ዕድሜ ነው ብዬ አለፍሁት።

ሐኪም ቤት አልሄዱም እንዳይባል ሄደዋል። ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ የጨጓራ ክኒን ተሰጥቷቸዋል። በሦስቱም ጊዜ ያቃጥልዎታል ወይ? ተብለው ተጠይቀዋል፤ አዎን ብለዋል፤ ያቃጥላቸው ነበርና። ሲውጡ ምን ይሆናሉ ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያዋ ብዙ ቤት ሲፈርስ የእትዬም ቤት ከፈረሱት አንዱ ሆነና እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው ሰዎች ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። አዲሱ ቤት ውሃም መብራትም አለው፤ የጎደለው ሌላ ነው። በቀድሞው ግቢ ቢያንስ ሰው ያማቸው ነበር፤ ሐሜትም አንድ ዓይነት መታየት ነው። በአዲሱ ፎቅ ግን ምን በልተው እንዳደሩ የሚያውቅ ጎረቤት ገና አልተገኘም። ልጃቸው ከሥራ ማታ ስትገባ ድስቱን ጧት እንደ ተወችው ሞልቶ ታገኘው ጀመር። አንድ ቀን እናቷን አቅፋ ብታነሣቸው እንደ ሕፃን ቀለሏት። በነጋው ይዛቸው ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሄደች፤ ሻንጣ ተሸካሚ ሁኜ የሄድሁት እኔ ነኝ።

በዚያ የተቀበለን ሐኪም በዕድሜ ከእኔ ብዙ የሚበልጥ አይመስለኝም። ስለ ማቃጠል አልጠየቀም። «እናቴ፣ አልወርድ የሚልዎት ጠጣሩ ብቻ ነው ወይስ ውሃውም?» አለ። እትዬም «ውሃውም ነው ልጄ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ውሃውም ነው» ብለው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። አምስት ዓመት ሲጠብቁት የነበረ ጥያቄ ይኸው ነበረ።

ይህ ጥያቄ ስለ ምን ከባድ እንደ ሆነ ላስረዳ። የምግብ ቧንቧ በትልቅ ሰው ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የጡንቻ ቱቦ ነው። ምግብ በውስጡ እንደ ድንጋይ በጉድጓድ አይወድቅም፤ ጡንቻው ከላይ ወደ ታች እየተኮማተረ፣ የጥርስ ሳሙና ከቱቦው እንደሚገፋ፣ ይገፋዋል። ስለዚህ ሰው ቁልቁል ተዘቅዝቆም ቢሆን ሊውጥ ይችላል። ቧንቧው ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ላይ ሁልጊዜ የተዘጋ የጡንቻ በር አለ፤ የጨጓራው ኮምጣጣ ወደ ላይ እንዳይመለስ ይጠብቃል፤ ጉርሻው ሲመጣም ለጥቂት ሴኮንዶች ላላ ብሎ ያሳልፋል።

አካላዥያ የሚባለው በሽታ ይህን በር ይዘጋዋል። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ያሉት፣ በሩን ላላ በል ብለው የሚያዙት ጥቃቅን የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን ነርቭ በስሕተት በማጥቃቱ ሳይሆን አይቀርም ይባላል፤ በደቡብ አሜሪካ ግን ቻጋስ የሚባል በተባይ የሚተላለፍ በሽታም ይህንኑ ያደርጋል። ነርቮቹ ሲሞቱ በሩ አይላላም፤ ከላይ የሚገፋውም ማዕበል ይጠፋል። ምግቡ በበሩ ላይ ይጠራቀማል፤ ቧንቧውም ከዓመት ወደ ዓመት እንደ ስልቻ እየሰፋ ይሄዳል። ሌሊት የተጠራቀመው ወደ ሳንባ ይገባና ሳልና የሳንባ ምች ያመጣል። ውስጡ የሚቆየው ምግብ እየፈላ ስለሚያቃጥልም ሰውየው ቃር ነው ይላል፤ ሐኪሙም ያምነዋል። እንደ እትዬ ያለው ሰው በጨጓራ ክኒን ዓመታት የሚያሳልፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህም የእኛ አገር ብቻ ስሕተት አይደለም።

እንግዲህ ልዩነቱ በጥያቄው ላይ ነው። የምግብ ቧንቧ ካንሰር የያዘው ሰው በብዙው መጀመሪያ የሚያስቸግረው ጠጣሩ ነው፤ ሥጋው፣ ቀጥሎ እንጀራው፣ ከወራት በኋላ ሾርባው፣ በመጨረሻ ምራቁ። አካላዥያ ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጠጣሩንም ውሃውንም ያቆማል፤ አካሄዱም በወራት ሳይሆን በዓመታት ነው። በእርግጥ ከጥያቄ በኋላ ምርመራው መከተል አለበት። እትዬን ባሪየም የሚባል እንደ ኖራ ውሃ ያለ ነጭ ነገር አጠጥተው ራጅ አነሡአቸው። ሥዕሉን እኔም አየሁት። ላዩ ሰፊ፣ ታቹ እየጠበበ ሄዶ ሾጣጣ፤ ሐኪሞች የወፍ ምንቃር ይሉታል። አፋችንን ከፍተን እንደ ጫጩት እንቆም የነበርነው ትዝ አለኝና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ከዚያም ካንሰር አለመኖሩን ለማረጋገጥ በቀጭን መመልከቻ ውስጡን አዩት፤ አልነበረም።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ፤ የታሪክ ተማሪ ስለ ሆንሁ ትንሽ ወደ ኋላ ብሄድ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ጎንደር ላይ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በነገሡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1674፣ ቶማስ ዊሊስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለዚህ በሽታ ጻፈ። በሽተኛው የዋጠው ሁሉ ስለሚመለስበት፣ ዊሊስ ከዓሣ ነባሪ አጥንት ዘንግ ሠርቶ በጫፉ ስፖንጅ አሰረበትና ሰውየው እየበላ ምግቡን በዘንጉ ወደ ታች ይገፋ ዘንድ አስተማረው። ሰውየውም በዚያ ዘንግ ለብዙ ዓመታት ኖረ። እየተሣቀ የሚነገር ታሪክ ነው፤ እኔ ግን በእትዬ ሁለት ብርጭቆ ውሃና በዚያ ዘንግ መካከል ብዙ ልዩነት አይታየኝም።

ቁም ነገሩን ያገኘው ኤርንስት ሄለር የሚባል ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1913፣ ዐፄ ምኒልክ ባረፉበት በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ ላይፕዚግ ላይ የአንድ በሽተኛ ሆድ ከፍቶ የበሩን ጡንቻ በርዝመቱ ሰነጠቀው። ብልሃቱ ጡንቻውን ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ስስ ሽፋን አለመንካት ነው። ለዶሮ ወጥ እንቁላል የላጠ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ ቅርፊቱን አንሥተህ ከሥሩ ያለውን ስስ ገለባ ሳትቀድ መተው ነው። ሄለር ፊቱንም ጀርባውንም ሰንጥቆ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ፊቱን ብቻ መሰንጠቅ እንደሚበቃ አገኙ። በሩ አንዴ ከተከፈተ ኮምጣጣው ወደ ላይ ስለሚመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ዶር የተባለው ፈረንሳዊ የጨጓራውን ጫፍ በስንጥቁ ላይ አልብሶ መስፋትን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1991 በስኮትላንድ በዳንዲ ከተማ ያው ኦፕራሲዮን በሆድ ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጃፓናዊው ሐኪም ሀሩሂሮ ኢኖዌ ሆድ ሳይከፈት፣ በአፍ በገባ መመልከቻ ከውስጥ በኩል ጡንቻውን ቆረጠ። ከዚህ ሌላ በሩን በፊኛ ነፍቶ መለጠጥም አለ። በመቶ ዓመት ውስጥ መንገዱ ተለዋወጠ እንጂ ሐሳቡ ያው የሄለር ነው፤ የማይላላውን ጡንቻ ቁረጠው፣ ወይም ቅደደው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ያነበብሁትን ለማሳየት አይደለም። አንድ በእኛ አገር የተለመደ ክርክር ስላለ ነው። እትዬ ኦፕራሲዮን ያስፈልግዎታል በተባሉ ጊዜ አንድ ዘመዳቸው ከውጭ አገር ስልክ ደውሎ፣ በእናንተ አገር በቢላ ነው የሚቀዱት፣ እዚህ በአፍ ብቻ ይሠራል፣ ይጠብቁ፣ ገንዘብ አሰባስበን እናመጣቸዋለን አለ። ዘመድየው በክፋት አልተናገረም። ቃሉ ግን ቤተሰቡን አራት ወር አስቀመጣቸው፤ በአራቱ ወር እትዬ ስምንት ኪሎ ቀነሱ፤ የተባለውም ገንዘብ አልተሰበሰበም።

ዘመድየው ያላነበበውን እኔ ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአውሮፓ 201 በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በፊኛ፣ ግማሾቹ በሄለር ቀዶ ሕክምና ተረዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከፊኛዎቹ 86 ከመቶ፣ ከተቀደዱት 90 ከመቶ ደኅና ይውጡ ነበር፤ ይህም ያህል ለያህል ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ የጃፓኑን አዲስ መንገድ ከሄለር ቀዶ ሕክምና ጋር በ221 ሰዎች አወዳደረ። ውጤቱ 83 እና 82 ከመቶ ገደማ ሆነ፤ የቧንቧው በኮምጣጣ መቁሰል ግን በሁለተኛው ዓመት በአዲሱ መንገድ 44 ከመቶ፣ በአሮጌው 29 ከመቶ ነበር። በእነዚህ ጥናቶች ቀዶ ሕክምናው የተሠራው በትንንሽ ቀዳዳ ነው፤ ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ ቁስሉ ይሰፋል፤ አልጋ ላይ የሚታደረውም ቀን ይበዛል። ጡንቻው ላይ የሚሠራው ሥራ ግን ያው ነው። እንግዲህ አዲሱ ነገር መጥፎ ነው አልልም፤ ይምጣ፤ እሰየው ነው። ነገር ግን አዲሱ እስኪመጣ ድረስ በእጃችን ያለውን እያፈርንበት ሰው በረሃብ መግደል ሥልጣኔ አይደለም። የሄለር ኦፕራሲዮን የሚጠይቀው ንጹሕ የኦፕራሲዮን ክፍል፣ ጥሩ ማደንዘዣ ሰጭና እጁ የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም ነው።

እጅስ አለን። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ በኤዲንብራ የተማሩት ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በጥቁር አንበሳና በሌሎችም የሠለጠኑት ቀዶ ሐኪሞች ዛሬ በየክፍለ ሀገሩ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተበትነዋል። የደረትንና የምግብ ቧንቧን ሥራ ለይተው የተማሩም አሉ። የሚያንሰን በሽተኛውን ከቀዶ ሐኪሙ የሚያገናኘው መንገድ ነው። እትዬ ከመጀመሪያው ጉርሻ እስከ ኦፕራሲዮኑ ጠረጴዛ አምስት ዓመት ከምናምን ፈጀባቸው፤ ኦፕራሲዮኑ ራሱ የፈጀው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሐሳቤን በፒያሳ ቡና እየጠጣን ብነግረው ሣቀብኝ። «አካላዥያ በዓመት ከመቶ ሺህ ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ ነው ትላለህ፤ ወባና የወሊድ ሞት ባለበት አገር ለዚህ ጋዜጣ ታባክናለህ?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሌሊቱን ሳስብበት አደርሁ። መጀመሪያ ነገር፣ ሕዝባችን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነው፤ የበሽታው መጠን በእኛም ዘንድ እንደ ሌላው ዓለም ከሆነ ከመቶ ሺህ አንድ ማለት በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ አዲስ ሰው ማለት ነው። ይህ አንድ ትልቅ ሠርግ ነው፤ እንግዶቹ ሁሉ መዋጥ የማይችሉበት ሠርግ።

ዋናው መልስ ግን ይህ አይደለም። በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሌላው አገር ይልቅ በብዛት እንደሚታይ ሐኪሞች ካወቁት ቆይቷል። ከእነዚያ በሽተኞች ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሾርባውም አልወርድ ካለ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የቀረው እርዳታ ብዙውን ጊዜ በቧንቧው ውስጥ የብረት መረብ አስገብቶ መንገዱን ጥቂት ወራት ክፍት ማድረግ ነው። ከዚህ ሌላ በቤት ውስጥ በውሃ መያዣ ፕላስቲክ የተቀመጠ በረኪና ወይም ሌላ የሚያቃጥል ነገር ጠጥተው ቧንቧቸው በጠባሳ የሚጠብባቸው ሕፃናት አሉ። እንግዲህ ለአንዱ በሽታ የምንሠራው በር ለሦስቱም ነው። ያው ጥያቄ፣ ያው ባሪየም፣ ያው መመልከቻ፣ ያው ቀዶ ሐኪም ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ «ሲውጡ ይቆምብዎታል ወይ? ጠጣሩ ነው ውሃውም?» ብላ ብትጠይቅና መልሱ አዎን የሆነውን ሁሉ ክኒን ሳትሰጥ ወደ ሆስፒታል ብትልክ፣ ካንሰሩም ገና ሊቆረጥ በሚችልበት ጊዜ ይገኛል። አካላዥያም ራሱ ለብዙ ዓመታት ሳይታከም ከቆየ የካንሰርን አደጋ ይጨምራል። ጥያቄው ደግሞ ገንዘብ አይፈልግም። ይህን ለጓደኛዬ ነገርሁት፤ ቡናውን እንዳስቀመጠ ዝም አለ። ስለ ቡናው እግረ መንገዴን ላስታውስ፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሏል። ስለዚህ ከጀበናው የወረደውን ቡና ጥቂት አቀዝቅዞ መጠጣት አይከፋም፤ እናቶቻችን ቢቆጡም።

ስለ ኦፕራሲዮኑ ግን ያልሆነ ተስፋ ልሰጥ አልፈልግም። የሞቱት ነርቮች ተመልሰው አይነሡም። ቀዶ ሐኪሙ በሩን ይከፍታል እንጂ የሚገፋውን ማዕበል አይመልስም፤ ምግቡ ከእንግዲህ የሚወርደው በክብደቱ ነው። ስለዚህ የታከመ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አላምጦ፣ ውሃ እያስከተለ መብላት፣ በልቶም ወዲያው አለመተኛት ይገባዋል። ቃር ሊመጣበት ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል፤ ከዓመታት በኋላም መዋጥ እንደ ገና የሚያስቸግራቸው አሉ። አንዳንድ ጊዜም በኦፕራሲዮኑ ላይ ስሱ ሽፋን ይቀደዳል፤ ወዲያው ከታየ ይሰፋል፤ ሳይታይ ከቀረ ግን አደገኛ ነው። ይህን ሁሉ ለእትዬ ያ ወጣት ሐኪም ሳይደብቅ ነግሯቸው ነበር። እርሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ፣ «እኔ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያለ ፍርሃት ልጠጣ እንጂ ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ወረቀቱ ላይ አሻራቸውን አተሙ።

የተቀደዱት ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ነው። በማግሥቱ ውሃ ሰጧቸው። ልጃቸው እንደ ነገረችኝ ብርጭቆውን ጨርሰው መልሳ እስክትቀዳላቸው ድረስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሊቆም ነው እያሉ ሲጠብቁ ቆዩ። አልቆመም። በሳምንታቸው ከሆስፒታል ወጡ፤ ለፋሲካ ግማሽ እንጀራ በሉ። ይህን ስጽፍ ክብደታቸው ወደ ቀድሞው እየተመለሰ ነው፤ ቀሚሳቸውን ያጠበበችው ሰፊ እንደ ገና እንድትፈታው ተልኮባታል።

ስለ ጉርሻም አንድ ቃል አለኝ። ጉርሻችን መልካም ነው፤ እኔ ከማንም በላይ የበላሁት ነኝ። ነገር ግን እንቢ ያለን ሰው በሞቴ እያሉ አፉን ማስከፈት፣ እንቢ ሲልም ኮራ ብሎ ማማት ይቅርብን። አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ጊዜ ከማዕድ ሲሸሽ ያየን እንደ ሆነ፣ ለምን ናቀን ከማለት በፊት ምን አመመህ ብንለው ከክሊኒክ በፊት ብዙ ነገር እናውቃለን። ውቤ በረሃ ያሁሉ ዓይን ሳለው እትዬን አላያቸውም፤ እኔም ከማያዩት አንዱ ነበርሁ።

ባለፈው እሑድ ገላን ጉራ ሄጄ ይህን ልጽፍ ነው፣ ይፈቅዱልኛል ወይ? ብዬ ጠየቅኋቸው። ለአዲሶቹ ጎረቤቶቻቸው ቡና አፍልተው ነበር፤ አራት ሴቶችና አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጥቂት አሰቡና «ጻፈው ልጄ፤ ብቻ በመጨረሻ ጊዜ ጠላዋ ቀጥኖ ነበር እንዳትል» አሉኝ። ከዚያ ከፊታቸው ካለው እንጀራ ቆረስ አድርገው በሽሮው አጠቀሱና ወደ እኔ ዘረጉት። እኔም በተራዬ ላጎርሳቸው ስጠቀልል እጄን ያዝ አድርገው፣ «አሳንሰው» አሉ። አሳነስሁት። ጎረሱት፤ አላመጡት፤ ውሃ ተጎነጩ፤ ሁላችንም ዝም ብለን ስናያቸው፣ «ምን ታፈጣላችሁ? ወረደ እኮ» ብለው ሁለተኛውን ሲኒ መቅዳት ጀመሩ።